በግዝትና በዋስ መካከል

ባለፈው ሳምንት ስንለያይ ረዳኢን ቤት ጊዮርጊስ ፌርማታ ላይ፣ ጽጌሬዳን ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ትተናቸው ነበር። ሰውን ሳምንት ሙሉ ብርድ ላይ ማቆም ነውር መሆኑ አልጠፋንም። ረዳኢ ግን አላማረረም። ወዳጁን የሚጠብቅ ሰው ብርድ ትዝ የሚለው ወዳጁ ከቀረች ብቻ ነው፤ ጽጌሬዳ ደግሞ ቀርታ አታውቅም።

ታሪኩን ዛሬ ለሚጀምር አንባቢ ሁለቱን እናስተዋውቅ። ረዳኢ አስመራ ውስጥ የእዳጋ ሓሙስ ሰፈር ልጅ ነው። አዲስ አበባ ምህንድስና ተምሮ ተመረቀና፣ ከአስመራ ወደ ደቡብ ባለው ገጠር መዳብ ለሚፈልጉ ጃፓኖች ተቀጠረ። አለቃው ሞሪታ ሳን ከሥራ በኋላ፣ የድንጋይ ናሙና በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ፣ በሳጥን ክዳን ላይ በጠመኔ እየጻፈ ጃፓንኛ አስተማረው። ውሃ ስጡኝ ማለት ሳይችል መዳብ፣ እቶንና የአለት ስንጥቅ ማለት የቻለ ተማሪ ከእሱ በቀር ያለ አይመስለንም። ድካሙ ግን ፍሬ አፈራ። ጃፓን አገር ባለ የመዳብ ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ለሁለት ዓመት በመሐንዲስነት እንዲሠራ ተቀጠረ። የሚሄደው በሚመጣው ሐሙስ ነው።

ጽጌሬዳ የሻለቃ ደርበው ልጅ ናት፤ ስልክ ቤት የሩቅ መስመር ኦፐሬተር ሆና ትሠራለች። የተዋወቁት በሽቦ ነው። ጃፓኖቹ አዲስ አበባን በፈለጉ ቁጥር ደዋዩ ረዳኢ፣ አገናኟ ጽጌሬዳ ነበሩ። ድምፅ ለድምፅ ተዋደው ነው ቆይተው መልክ ለመልክ የተያዩት። አባቷ ከጎጃም የመጡ የጦር መኮንን ናቸው። የረዳኢ ታላቅ ወንድም መንግስትኣብ ደግሞ በረሃ ገብቷል። ዘመኑ አስመራ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የነበረችበት ነውና፣ የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ፍቅር ምን ያህል መንገድ እንደነበረው አንባቢ ራሱ ይገምት።

አውቶቡሱ ቆመና ጽጌሬዳ ወረደች።

«ቆየሁብህ?»

«ኣይፋል፣ አሁን መምጣቴ ነው።»

«አፍንጫህ ግን ቀድሞህ የመጣ ይመስላል፤ ቲማቲም ሆኗል።»

ረዳኢ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እስከ ዓይኑ አልደረሰም። ጽጌሬዳ አየችው። እንደ እሷ ሰውን በድምፁ መለየት የለመደ ሰው የሳቅን ግማሽ ከሙሉው ለመለየት ብዙ አይቸገርም።

ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ቁልቁል እስከሚጀምርበት ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ጉሙ ከቆላው እየተነሳ ዛፎቹን ከሥራቸው ይሸፍን ጀመር። ጽጌሬዳ ቀዝቃዛ እጇን ከእሱ ካፖርት ኪስ ከተተችና እሱ ያስተማራትን ጃፓንኛ አሰማችው።

«ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ሳ፣ ሺ፣ ሱ፣ ሴ፣ ሶ። ይኼ እኮ የኛው የፊደል ገበታ ነው። ግዕዙና ሳድሱ ጠፍቶባቸው እንጂ!»

«ለሞሪታ ሳን ይህንኑ ብነግረው ተነስቶ ሰገደልኝ።»

«ለእናትህም እንዲሁ ሰግዶላቸው የለ?»

እውነት ነው፤ ሞሪታ ሳን እዳጋ ሓሙስ ድረስ ሄዶ ረዳኢን እንዲፈቅዱለት እናቱን ሲጠይቅ እጅ ነስቷል። እናትየዋ ኣደይ ለተሰንበት መልሰው እጅ ነሱ። እሱ ደገመ፣ እሳቸውም ደገሙ። ቀድሞ ቀና ማለት ለሁለቱም ነውር ስለነበረ ሰው ገብቶ እስኪገላግላቸው ድረስ ቆዩ።

«በል እንግዲህ» አለች ጽጌሬዳ፣ ሳቋን ገታ አድርጋ። «ያቺን ቃል በለኝ። አውሮፕላኑ ላይ ስትወጣ እንዴት እንደምትለኝ ዛሬ ልስማ።»

ቃሏ «ኢቴ ኪማስ» ናት። ጃፓኖች ከቤታቸው ሲወጡ ደህና ሁኑ አይሉም፤ ደርሼ ልምጣ እንደማለት ኢቴ ኪማስ ይላሉ። ቤት የቀረው ደግሞ «ኢቴ ራሻይ» ይላል፣ ሄደህ ና። ረዳኢ ያስተማራት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

ረዳኢ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

«ጉሮሮዬን ብርድ መትቶኛል፤ የዚያን ዕለት እልሻለሁ» አለ።

ነገሩ የጉሮሮ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁመው ገዝተውታል። «አንዱን ልጄን በረሃ ወሰደው። አንተን እስር ቤት እስኪወስድህ አልጠብቅም። ሂድ፣ እዚያው ኑር። ይህ ነገር ሳያልፍ ብትመለስ የጠባኸው ጡቴ ይፋረድህ» ብለውታል። ግዝት ደግሞ ካሰረው አፍ በቀር ማንም አይፈታውም። ረዳኢ ኢቴ ኪማስ ቢል በእናቱ ጡት መዋሸቱ ነው፤ እውነቱን ቢናገር ደግሞ ጽጌሬዳን እዚያው ጉሙ ውስጥ ማጣቱ ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ፍቅር ይዞት አያውቅም።

«የመውጫ ፈቃዱስ?» ስትል ጠየቀችው፣ ፊቷን ወደ ቆላው አዙራ።

«ወጣልኝ። ኣኮይ ዘርእዝጊ ዋስ ሆነኝ። ጉልበቱን ስሜ አመሰገንኩት፤ አንዲት ቃል እንኳ አልመለሰልኝም፣ አንገቱን ብቻ ደፋ።»

ኣኮ የእናት ወንድም ማለት ነው። ጽጌሬዳ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ ለምን ፈገግ እንዳለች ግን አልነገረችውም። ስትመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ተሰናበተችው። እሱ እጁን አነሳ፣ ቃሏን ግን አላላትም። ጽጌሬዳ እስከ ቤቷ እስከ ገጀረት ድረስ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዛ ሄደች፤ ሰውየው ገና ሳይሄድ ልቡ ሄዷል ብላ አሰበች።

*

ሻለቃ ደርበው የሲቪል ልብስ ለብሰው ጓሮ ውስጥ ያለውን ጽጌረዳ በመቀስ ይከረክሙ ነበር። ልጃቸው ስትገባ ቀና አላሉም።

«ስልክ ቤት ሥራ ጨምሮልሻል አሉ» አሉ።

«ምን ሥራ አባባ?»

«ዋስነት።»

ጽጌሬዳ የጓሮውን በር ከኋላዋ ዘጋች።

በዚያን ጊዜ ከአስመራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት ያለ ዋስ አይወጣም። ዋሱ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት። የወጣው ሰው ቀኑ ደርሶ ካልተመለሰ የሚታሰረው ዋሱ ነው፤ እስከዚያም ድረስ ዋሱ ራሱ ከአገር መውጣት አይፈቀድለትም። ወንድሙ በረሃ ለገባ ሰው ዋስ መሆን ደግሞ በገዛ እጅ ገመድ መግመድ ነበር። የረዳኢ አጎት ኣቦይ ዘርእዝጊ እዚያው ስልክ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው የሚሠሩት። እንደማይችሉ በሻሂ ሰዓት ለጽጌሬዳ እያለቀሱ ነገሯት። እሷም «እኔ እሆናለሁ። እሱ ግን እንዳያውቅ፤ ካወቀ አይሄድም» አለቻቸው። ኣቦይ ዘርእዝጊ ጉልበታቸው ሲሳም አንገታቸውን የደፉት ለዚህ ነበር።

«የመውጫ ፈቃድ ሹሙ ጓደኛዬ ነው። 'ልጅህ ናት ብዬ ነው ያለፍኳት' አለኝ። ሊያስደስተኝ ነው እኮ!» አሉ ሻለቃው። «ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ልጁ ባይመለስ ትታሰሪያለሽ። ተይዛ ትምጣ የሚለው ትእዛዝ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ይዤ የማስረክበው የገዛ ልጄን ነው። ይህን አስበሻል?»

ጽጌሬዳ ይህን አላሰበችም ነበር። አባቷን አየቻቸው። በመቀሱ ገና ያልፈካ እምቡጥ ቆርጠው ነበር፤ እምቡጥ ሲቆርጡ አይታ አታውቅም።

«አንድ ስልክ ብደውል ይሰረዛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሺ በዪኝና ዛሬውኑ ልደውል።»

«እሱስ?»

«ይቀራል። አገሩ አይደል?»

«ቢቀር የት እንደሚገባ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ አባባ። ወይ ወንድሙ ጋ ነው፣ ወይ እስር ቤት። ከሁለቱ የትኛውን ይወዱለታል?»

ሻለቃው ፊታቸውን ወደ አበባው መለሱ። መልሱን ያውቁ ነበርና።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጽጌሬዳ።»

«አልሮጥኩም አባባ። ተሰልፌ፣ ተራዬን ጠብቄ ነው የፈረምኩት።»

ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። «ይመለሳል ብለሽ በልብሽ ታምኛለሽ?»

«አምናለሁ» አለች። ይህን ስትል ቤት ጊዮርጊስ ላይ የተዘጋው አፍ ታያት። አምናለሁ ያለችበት ድምፅ ለራሷም የሰው ድምፅ መሰላት።

*

ማክሰኞ ቀትር ላይ እዳጋ ሓሙስ የመሰናበቻ ምሳ ነበር። የዝግኒው ወጥ ቀርቧል፣ የሱዋው ጠላ ተቀድቷል። ኣደይ ለተሰንበት ትልቁን ሕምባሻ በወንድማቸው ፊት አስቀመጡና ቢላዋውን ሰጧቸው።

«ዋሕስ ይቁረሰው» አሉ፤ ዋሱ ማለታቸው ነው። «ልጄን ያስመለጠልኝ እጅ ነው የሚባርከው።»

ኣቦይ ዘርእዝጊ ቢላዋውን ተቀበሉ። ሕምባሻው ላይ አስቀመጡት። አልቆረሱም።

«ምነው ኣኮይ?» አለ ረዳኢ።

«ለተሰንበት ሓብተይ፣ ይቅር በዪኝ» አሉ ሽማግሌው ለእኅታቸው። «ይህ እጅ አልፈረመም።»

ኣቦይ ዘርእዝጊ ከጀመሩ ወዲያ ማቆም አልቻሉም። ወረፋው ደርሶ ብዕሩን ሲሰጧቸው «የመንግስትኣብ ወንድም ነው ወይ?» ተብለው መጠየቃቸውን፣ እጃቸው መክዳቱን፣ ልጆቻቸውን አስበው መውጣታቸውን ተናገሩ።

«ታዲያ ማን ፈረመ?» ሲል ረዳኢ ጠየቀ። ገና ሲጠይቅ ግን አውቆታል። የቤት ጊዮርጊሱ ፈገግታ ትዝ አለው።

«ያቺ የሻለቃው ልጅ። 'አይንገሩት' አለችኝ። እኔም ሐፍረቴን እንድደብቅበት ስለተመቸኝ ዝም አልኩ።»

ኣደይ ለተሰንበት ቢላዋውን ከወንድማቸው ፊት አነሱት። «ለመንግስትኣብም ያኔ አልፈረምክም» አሉ፣ ሳይቆጡ። መንግስትኣብ በረሃ ከመግባቱ በፊት በጥርጣሬ ታስሮ ነበር። ዋስ ካለው ይፈታል ተባለ። ከዘመድም ከጎረቤትም የሚፈርም ጠፋ። በመጨረሻ ያለ ዋስ ሲለቁት ቤቱ አላደረም፤ በዚያው ሄደ። እናቱ ስለዚህ ነገር በሰው ፊት ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ረዳኢ ከመቀመጫው ወርዶ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ኣደይ፣ ፍቺኝ። ካልተመለስኩ እሷ ትታሰራለች።»

«የወታደር ልጅ ናት። አባቷ ያስፈታታል።»

«ዋስ አባት የለውም፣ ኣደይ! ኣኮይ የፈራውን እሷ ፈርማለች። እኔ እንዳልመለስ አስረሽኛል፤ እሷ እንድመለስ ታስራለች። የት ልሂድ? የቱን ልርገጥ?»

«ኣይፋል» አሉ ኣደይ ለተሰንበት። እንባቸው እየወረደ አይሆንም በማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክፉ አይደለሁም፣ ወደይ፣ ልጄ። የቀረኝ አንተ ብቻ ነህ። አልፈታህም።»

ሕምባሻውን ማንም አልቆረሰውም። ረዳኢ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ቀትር ነበር፣ ፀሐይም ነበረች፤ ለእሱ ግን መንገዱ ሁሉ ግድግዳ ሆኖበት ነበር።

*

ጥግ ካለው ባር ገብቶ ስልክ ጠየቀ።

ጽጌሬዳ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ተረኛ ነበረች። የተረኞቹ አለቃ ወይዘሮ ላቀች ከወንበሮቹ ጀርባ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይቆጣጠራሉ። በሥራ መስመር የግል ወሬ ያወራች ልጅ በእሳቸው ዘመን ሁለተኛ አውርታ አታውቅም።

«የሩቅ መስመር፣ ማን ልስጥዎት?»

«ጽጌ፣ እኔ ነኝ።»

የወይዘሮ ላቀች ጫማ ድምፅ ከኋላዋ ቆመ።

«ይናገሩ ጌታዬ፣ እየሰማሁ ነው።»

«ኣኮይ ነገረኝ። ዋሴ አንቺ ነሽ።»

«ትክክል ነው ጌታዬ።»

«ለምን?»

«ሌላ መስመር አልነበረም።»

ረዳኢ ግንባሩን ከባሩ ግድግዳ አስደገፈ። «አልሄድም» አለ።

«ይህ አይሆንም። ጥሪው ተይዟል።»

«ስሚኝ። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ኣደይ ገዝታኛለች፤ እንዳልመለስ፣ በጡቷ። ዛሬም ፍቺኝ ብላት እምቢ አለች። ያቺን ቃል ያላልኩሽ ለዚህ ነው። ልቡ ቀዝቅዟል ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። እኔ ስለምወድሽ ነው አፌ የተያዘው። ሰማሽኝ? እወድሻለሁ።»

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ደረሰባት። እንደሚወዳት አወቀች፤ እንደማይመለስም አወቀች። በየትኛው እንደምታለቅስ ሳትወስን እንባዋ ቀደማት። ቦርዱ ላይ ቀይ መብራቶች ይበራሉ፤ ምጽዋ ይጠራል፣ ከረን ይጠራል፤ አንዱንም አላነሳችም።

«አሁኑኑ ሄደሽ ዋስትናሽን አንሺ» አለ ረዳኢ። «እኔ ልቅር። እለምንሻለሁ።»

«ጌታዬ» አለች። ድምፅዋ እንዳይሰበር ጥርሷን ነከሰች። «እርስዎ ጥሪውን ቢተዉትም በእኛ በኩል አይቋረጥም። መስመሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ክፍት ይቆያል።»

«እስከ መቼ?»

«ማዶ ያለው ሰው እስኪናገር ድረስ።»

«ባይናገርስ?»

«መያዝ ሥራዬ ነው ጌታዬ።»

ዞር ስትል ወይዘሮ ላቀች እያዩአት ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷም እንባ አገጯን አልፎ የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ላይ ይንጠባጠባል። ወይዘሮ ላቀች ተቆጥተው ሊናገሩ ጀመሩና ተዉት። ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄደው ጀርባቸውን ሰጧት። ጽጌሬዳ በዚያች ደቂቃ የወደደቻቸውን ያህል ሰው ወዳ አታውቅም።

*

ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው በሰው ተሞልቷል። ሞሪታ ሳን ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ሻለቃ ደርበው ከማኪናቸው ወርደዋል፣ ግን አልቀረቡም። ረዳኢ ሻንጣውን ይዞ መውጫው በር ላይ ቆመና አልንቀሳቀስ አለ። ተሳፋሪው በጎኑ እያለፈ ያልቅ ጀመር።

«የመጣሁት ልሳፈር አይደለም» አለ ለእናቱ። ቀጥሎ ወደ ጽጌሬዳ ዞረ። «ወይ ኣደይ ትፍታኝ፣ ወይ አንቺ ዋስሽን አንሺ። ሁለታችሁ አስራችሁኝ በዚህ በር ማለፍ አልችልም።»

ኣደይ ለተሰንበት ነጸላቸውን ጠበቅ አደረጉና ጽጌሬዳን ቀረቧት። ከዚያ በፊት አይተዋት አያውቁም። የመኮንን ልጅ ሲባል አንገቷን ቀና ያደረገች፣ ጫማዋ የሚንቋቋ ልጅ ነበረች በሐሳባቸው። ከፊታቸው የቆመችው ግን ዓይኗ ያበጠ፣ እጇን የት እንደምታደርገው የጠፋት ልጅ ናት።

«ንስኺ ዲኺ?» አሉ። አንቺ ነሽ ወይ ማለታቸው ነው። ከዚያም በሚችሉት አማርኛ ቀጠሉ። «ባይመጣ፣ ምን ትሆኛለሽ?»

«እታሰራለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«እንደማይመጣ ማክሰኞ ነገረኝ።»

«ካወቅሽ ለምን አልተውሽም?»

ስልኩ ላይ የነበሩት የሥራ ቃላት እዚህ የሉም።

«እርስዎ የገዘቱት እንዲተርፍ ነው አይደል?» አለች ጽጌሬዳ። «እኔም የፈረምኩት እንዲተርፍ ነው። እርስዎና እኔ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ባይመጣም... ባይመጣም ሕያው ነው። እኔ ብታሰር አውቄ ነው የምታሰረው።»

ኣደይ ለተሰንበት በዚያች ሰዓት ያዩት ጽጌሬዳን ብቻ አልነበረም። እስር ቤት ደጃፍ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ዋስ ሲለምኑ የዋሉትን ራሳቸውን አዩ።

«ለመንግስትኣብ የፈረመ ሰው አልነበረም» አሉ። «አንድ ሰው። አንድ ሰው ቢገኝ ልጄ ዛሬ ቤቱ ነበር።»

የመጨረሻው ጥሪ በድምፅ ማጉያ ተሰማ። ሞሪታ ሳን ወደ ረዳኢ አንድ እርምጃ ተራመደና መልሶ ቆመ።

ኣደይ ለተሰንበት ወደ ልጃቸው ዞሩ። እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኖሩ። «ፈቲሐካ» አሉ፤ ፈታሁህ። «በማርያም ደጅ ያሰርኩትን እዚሁ ፈትቻለሁ። ኪድ፣ ወደይ፣ ሂድ። ግን ተመለስ። ተመለስ!»

ረዳኢ እናቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከእቅፋቸው ሲወጣ ጽጌሬዳን አያት። ሊነካት አልደፈረም፤ አባቷ እያዩ ነው፣ ከተማው እያየ ነው። ነገር ግን አፉ አሁን አልተያዘም።

«ኢቴ ኪማስ» አላት።

ጽጌሬዳ መልሱን ሳምንቱን ሙሉ ጉሮሮዋ ውስጥ ይዛው ነበር። «ኢቴ ራሻይ» አለች። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው መተንፈሷን ያወቀችው።

ረዳኢ ሻንጣውን አነሳና በበሩ አለፈ። ደረጃው ላይ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ አልታየም። አውሮፕላኑ ተነስቶ ደመናው ውስጥ እስኪገባ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው አዩት።

«ምን ነበር ያለሽ?» ሲሉ ኣደይ ለተሰንበት ጠየቋት።

«ደርሼ ልምጣ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ሄደህ ና አልኩት።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ዘመኑ ደግሞ ለተመላሽ ምን እንደሚያዘጋጅ ማን ያውቃል? ጽጌሬዳም ይህንኑ እያሰበች ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህች ከተማ መውጣት አትችልም። ከስልክ ቤት ገጀረት፣ ከገጀረት ስልክ ቤት፤ አባቷም በመጡ በሄዱ ቁጥር ያንን ትእዛዝ ይዘው የመጡ እየመሰላት ትኖራለች። ወደ አባቷ ማኪና ልትሄድ ስትል አንድ እጅ የእጇን አንጓ ያዛት።

የኣደይ ለተሰንበት እጅ ነበር። አጥብቀው ያዙዋት፣ ያማል።

«ለዋስም ዋስ ያስፈልጋል፣ ጓለይ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ላንቺ እኔ ነኝ። እሱ ሳይመለስ ቀርቶ አንቺን ሊወስዱ የመጡ ዕለት፣ እኔንም ያስሩኛል። ለአባትሽ ይህን ንገሪያቸው።»

ሻለቃ ደርበው የማኪናውን በር ከፍተው ይጠብቁ ነበር። ጽጌሬዳ ወደዚያ አየች፣ ከዚያ የያዛትን እጅ አየች። እጇን ለማስለቀቅ አልሞከረችም።